አምስት ቀን ያልደረቀ ጀልባ አያልፍም፦ የእትዬ ብሩሽ የሕይወት ታሪክ

እትዬ ብሩሽ ከአባታቸው ከጀልባ አናጢውና ከእናታቸው ከመረብ ጠጋኟ፣ በታችኛው ሐይቅ ዳር፣ መስኮቱ ውሃ በሚያይ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ተወለዱ። የተወለዱበት ቀን በመታወቂያቸው ላይ አንድ ነው፣ በሥራ ማኅደራቸው ላይ ሌላ። ሁለቱንም የጻፈው ያው አንድ ጸሐፊ ነው። ቤተሰቡ ሊያስተካክል ሁለት ጊዜ ቢሄድም ጸሐፊው ሻይ ሊጠጣ ወጥቶ ስለነበር፣ ስድሳ አራት ዓመት ያህል ኖረዋል ብለን እንለፈው።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። በሒሳብ ጎበዝ ነበሩ፤ በጠባይ በኩል ካርዳቸው ላይ «መምህሯን ታርማለች» የሚል አስተያየት ሰፍሮባቸዋል። ትምህርታቸውን ያቋረጡት በእንቦጭ ምክንያት ነው። ሐይቁ ዳር የነበረው የሆቴል ቤት ባለቤት፣ ሙሽሮች ከጎኑ ፎቶ እንዲነሱ ብሎ፣ ሐምራዊ አበባ ያለው ተንሳፋፊ ተክል ከሩቅ አስመጥቶ ጓሮው ባሠራው ኩሬ ላይ አስቀመጠ። አንድ ክረምት ጎርፍ ኩሬውን ጠራርጎ ሐይቁ ውስጥ ከተተው። በሦስተኛው ዓመት ከዳር ቆሞ ውሃ ማየት ቀረ፤ እስከ ማዶ አረንጓዴ ምንጣፍ ሆነ። ዓሣው ከሥሩ ታፍኖ አለቀ። አባታቸው የሠሩት የመጨረሻ ጀልባ ከደጃፍ ሳይነሳ ፀሐይ ሰነጠቀው፤ እሳቸውም ብዙ አልቆዩም። ሆቴል ቤቱ ግን ዛሬም አለ። ስሙን «ሐምራዊ አበባ» ብሎ ለውጧል።

እትዬ በሃያ ዓመታቸው ታናሽ ወንድማቸውን አስከትለው ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ዳገት ወጡና በላይኛው ሐይቅ ወደብ፣ በጀልባ ምዝገባ ጽሕፈት ቤት፣ በጽዳት ሠራተኝነት ተቀጠሩ። በዚያው ዓመት የወደቡን ዘበኛ አገቡ። ዘበኛው ጥቂት የሚናገሩ፣ ብዙ የሚሰሙ ሰው ነበሩ፤ ለትዳሩም ይህ እጅግ ጠቅሟል። አንዲት ሴት ልጅ ወልደው ለወግ ለማዕረግ አብቅተዋል።

አንድ ቀን ጠዋት ግቢውን ሲጠርጉ፣ ከታችኛው ሐይቅ በመጣ የጀልባ ጋሪ ጎማ ሥር ጣት የሚያህል አረንጓዴ ቁራጭ አገኙ። ወዲያው አወቁት። ሮጠው ለኃላፊው አሳዩ። የዚያን ጊዜው ኃላፊ፣ ዲግሪ የነበራቸው ሰው፣ አገላብጠው አዩትና ውሃ በሞላ ብርጭቆ ውስጥ ከተው ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጡት። ቢሮው ላይ ሕይወት ዘራበት አሉ። ተክሉ በሦስተኛው ሳምንት ሲያብብ ከሌሎች ሦስት ቢሮዎች ችግኝ ተጠየቀ። ችግኙ ሳይሰጥ እትዬ ወለል ሊወለውሉ ገብተው ከነብርጭቆው አወጡትና ግቢው መሀል ነጭ ጋዝ አርከፍክፈው አቃጠሉት። በመንግሥት ንብረት ላይ ጉዳት በማድረስ ተብለው ለአሥራ አምስት ቀን ከሥራ ታገዱ።

ይህ እገዳ ጽሕፈት ቤቱ ለሐይቁ ከሠራው ሥራ ሁሉ የሚበልጠው ነው። እትዬ እጃቸውን አጣጥፈው ቤት መዋል ስላልሆነላቸው፣ ባልዲ፣ ብሩሽና በርጩማ ይዘው ወደቡ በር ላይ ተቀመጡ። ባለቤታቸው በሩን ዘጉላቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ውሃ ነክቶ የመጣ ጀልባ ሁሉ ውታፉ ተነቅሎ የቋጠረው ውሃ ደረቅ መሬት ላይ ይፈስሳል፤ ሆዱ ይፈተጋል፣ መረቡ ይራገፋል፤ ከዚያም ጠጠር በተነጠፈበት ግቢ አምስት ቀን ፀሐይ ላይ ይቆያል። የገባበት ቀን በጎኑ ላይ በጠመኔ ይጻፋል። እገዳው ሲያበቃ ወደ ወለሉ እንዲመለሱ ደብዳቤ ተረቀቀ፤ ፈራሚው ግን ለስብሰባ ሄደው ስለነበር ሳይፈረም ከረመ። ከአራት ዓመት በኋላ «የጀልባ ንጽሕና ተቆጣጣሪ» የሚል መደብ ሲፈቀድ፣ የኃላፊው የአጎት ልጅ ተቀጥሮበት በሦስተኛው ቀን ፀሐዩ በዛብኝ ብሎ ስለተወው ለእትዬ ተሰጠ። ጡረታም አልወጡም፤ የልደት ቀናቸው ሁለት ስለሆነ የሚመለከተው ክፍል የትኛውን እንደሚቀበል እስካሁን አልወሰነም።

«ብሩሽ» የሚለውን ስም ያወጡላቸው ዓሣ አጥማጆች ናቸው፤ ለስድብ። እሳቸው ሲጠሩ «አቤት» ስላሉ ስድቡ ከሸፈ፤ ውሎ አድሮ እትዬ ተጨመረበት። ዛሬ እዚህ አንገታቸውን ደፍተው ከቆሙት መካከል በርጩማቸውን ሐይቅ ውስጥ የወረወሩት አሉ። ሰዎቹ ራሳቸውን ስለሚያውቁ መጠቆም አላስፈለገም።

ያልመጣ ነገር ፎቶ አይነሳም፤ ችግሩ ይህ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ላይኛው ሐይቅ ቀትር ላይ ሰማይና የደመና ጥላ ብቻ ይታይበት ነበር። ከዋናው መሥሪያ ቤት የሚመጡ እንግዶች ቆመው አይተው፣ እዚህ እኮ ምንም የለም፣ ሴትዮዋ ምን ይሠራሉ ብለው ይጠይቁ ነበር። ምንም አለመኖሩ ሥራቸው መሆኑን ለማስረዳት እትዬ ትዕግሥት አልነበራቸውም። እንግዶቹን ጫማቸውን ያስፈትጓቸው ነበር።

ከሁሉ የከፋ ባለጋራቸው ታናሽ ወንድማቸው ነበር። ከአምስት ሜትር የምትበልጥ ጀልባ ነድቶ ባያውቅም ራሱን ካፒቴን ያስብላል። በሁለቱም ሐይቅ ስለሚሠራ አምስቱ ቀን ያንገበግበዋል፤ እህቴ ከሥጋዋ ውሃ ትወዳለች እያለ በየደረሰበት ያማቸው ነበር። አንድ ጊዜ በሩ ላይ እህቴ አይደለሽም ወይ ብሎ ቢያፋጥጣቸው፣ «እህትህ ቤት ናት፤ ምሳህን እዚያ ትሰጥሃለች። እዚህ ያለሁት ተቆጣጣሪዋ ነኝ፤ ውታፉን ንቀል» አሉት። ምሳውን በላ። ጀልባዋም አምስት ቀን ቆየች።

እትዬ ከዘጠኝ ዓመት በፊት ባለቤታቸውን በሞት ካጡ ወዲህ ልባቸው ይደክም ጀመር። ባለፈው ሳምንት ረቡዕ ካፒቴን ጀልባውን በጭድ መኪና ላይ፣ ከጭዱ ሥር ቀብሮ ሊያሳልፍ ሞከረ። እትዬ ጭዱን በብሩሹ እጀታ ወጋ ሲያደርጉት ቋ አለ። ጀልባዋን አስወርደው «ረቡዕ» ብለው ጻፉባት። ካፒቴን በሰው ፊት፣ «ስትሞቺ በጀልባዬ አላሻግርሽም» አላቸው።

«ካልደረቀች እኔም አልሳፈርም» አሉት።

በዚያው ሰሞን ጽሕፈት ቤቱ በታችኛው ሐይቅ የእንቦጭ ነቀላ ዘመቻ አዘጋጀ። ኮፍያ ታተመ፣ ባነር ተሰቀለ፣ ካሜራ ተጠራ። ጀልባ ስላነሰ የላይኛው ሐይቅ ሃያ ሦስት ጀልባዎች አንድም ሳይቀር ተጭነው ወረዱ፤ የቀረችው በቅጣት ላይ የነበረችው የካፒቴን ጀልባ ብቻ ናት። ዘማቹ ሰባት ቅርጫት ነቅሎ፣ ፎቶ ተነሥቶ፣ ሰኞ አመሻሽ ላይ ሃያ ሦስቱንም ጀልባ ሞተራቸው እንቦጭ እንደተጠመጠመበት ይዞ ተመለሰ። እትዬ ሕመሙ ጠንቶባቸው ከተኙበት አልጋ ተነሥተው፣ በልጃቸው ተደግፈው ወረዱ። በሃያ ሦስቱም ላይ በገዛ እጃቸው «ሰኞ» ብለው ጻፉ። ማክሰኞ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

ባለቤታቸው የተቀበሩት ማዶ ነው፤ በእግር የአራት ሰዓት መንገድ፣ በውሃ ግን ግማሽ ሰዓት። ማክሰኞ ከቀትር በኋላ የዛሬው ኃላፊ ለቅሶ ቤት መጥተው፣ ለሟች ክብር ሲባል በሩ ለአንድ ቀን ተከፍቶ ሃያ ሦስቱም ጀልባ ሬሳውን አጅቦ ይሻገር የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ቤት የሞላው ሰው እውነት ነው አለ። ሠላሳ አንድ ዓመት የተጠበቀ ውሃ ጠባቂዋ በሞቱ በስድስተኛው ሰዓት ሊያልቅለት ነበር፤ ያውም ለክብራቸው። ጥግ ላይ ፊቱን በመዳፉ ሸፍኖ የተቀመጠው ካፒቴን ተነሥቶ ወጣ።

ኃላፊው ሰዉን አስከትለው ወደቡ ሲደርሱ በሩ ተዘግቷል፤ ካፒቴን በርጩማው ላይ ተቀምጧል፤ ብሩሹ ጉልበቱ ላይ ነው። «ሃያ ሦስቱም የሰኞ ናቸው። ቅዳሜ ኑ» አለ።

ኃላፊው፣ እህትህ እኮ ናት አሉት።

«እህቴ ቤት ተኝታለች። እዚህ ያለሁት ተቆጣጣሪው ነኝ።»

የረቡዕ ጀልባ ማክሰኞ ስድስተኛ ቀኗ ነበር። ውታፏ ተነቅሎ፣ ሆዷ እንደ ወረቀት ደርቆ ቆማለች። እትዬ ብሩሽ ሐሙስ ጠዋት በእሷ ይሻገራሉ። ከሬሳው ጋር የምትይዘው አምስት ሰው ስለሆነ ቀሪው ቀባሪ በእግሩ ይመጣል። ይህ ጽሑፍ ማዶ መቃብሩ ላይ ሲነበብ ክቡር ኃላፊው ገና መንገድ ላይ እንደሚሆኑ እንገምታለን፤ አንጠብቃቸውም።

እትዬ ብሩሽ አንዲት ሴት ልጅ፣ ታናሽ ወንድማቸውን፣ ይህን የጻፈውን የባለቤታቸውን የእህት ልጅ፣ እንዲሁም ምንም የሌለበት ሐይቅ ትተው አልፈዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን በጠራ ውሃ ዳር ያሳርፍልን፤ ለቤተሰባቸው መጽናናትን፣ ለጽሕፈት ቤቱም ማስተዋልን ይስጥ።

ከቀብር መልስ ወደ ወደቡ የምትገቡ ሁሉ ጫማችሁን አዘጋጁ። ካፒቴን በሩ ላይ አሉ።