አባባ የካ ተራራ ሊወጡ ነው

ቦሌ፣ የካቲት 12 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለምወድህ ወንድሜ ለዓለምሰገድ፣

የአሰብ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እኛ ከናፍቆትህ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

እሁድ አባባን ይዤ የካ ተራራ ልወጣ ነው። አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ሲሠሩ ሃያ ዓመት ከታች አሻግረው ያዩት ነበር፤ አሁን ከላይ ሆኜ ከተማውን ካላየሁ ብለዋል። ከክረምት በኋላ ይሻላል፣ ያኔ ሁሉም ለምለም ነው ብላቸው፣ «እስከዚያ አልጠብቅም» አሉኝ። ከቀበሌው ስብሰባ እንድንቀር ሊቀመንበሩን አስፈቅጃለሁ። እስከ መገናኛ በአውቶቡስ ሄደን ከዚያ በእግር ነው። መንገዱ ድንጋያማ ስለሆነ ክንዳቸውን እይዛለሁ።

ትናንት ረፋድ ላይ ደጅ ቆመን ተራራውን ባሳያቸው፣ «ዛሬ ጉም ሸፍኖታል» አሉ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። እኔም «አዎ፣ ጉም ነው» አልኳቸው።

ደብዳቤህን በፊት እሳቸው ጮክ ብለው ያነቡልን አልነበር? የአሁኑን እኔ ነኝ ያነበብኩት።

ፈቃዴን ለመስከረም አድርጌዋለሁ ብለሃል። ከቻልክ ለፋሲካ አዙረው። ካልቻልክ ፎቶግራፍ ተነስተህ ቶሎ ላክ፤ ጉርዱን ሳይሆን ትልቁን።

አባባ መርቀውሃል፤ እኔም በናፍቆት እስምሃለሁ።

እህትህ ምንትዋብ