ስላልተፈለገው ውሃና ስላልተነገረው መርዶ

ለክቡር የነዳጅ ድርጅቱ የአዲስ አበባ ወኪል ቢሮ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የባለቤትዎንና የልጆችዎን ደኅንነት እጠይቃለሁ። ልጆችዎ ሲመሽ በሰላም ወደ ቤት እንዲገቡ፣ ሳይገባ የቀረም ካለ የት እንዳለ የሚነግርዎ ሰው እንዳያጡ፣ ከሰቆጣ ወጣ ብላ ካለችው ደብራችን ሆኜ ከልቤ እመኛለሁ። እኔ ቄስ ገብረ አምላክ እባላለሁ፤ በሱዳን በረሃ በምታስተዳድሩት የነዳጅ ጉድጓድ በቀን ሠራተኛነት ተቀጥሮ የነበረው የምሳው አባት ነኝ። ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ እንዲወጣ የሰጠሁት በፖስታ የላክኋቸው ደብዳቤዎች ቢሮዎ ደጃፍ ላይ ሲደርሱ እየደከሙ ይቀሩ ይሆናል በሚል ቅን ግምት ነው።

በቅድሚያ ባለፈው ሰኔ በማኅተም አስጊጣችሁ ስለላካችሁልኝ መልስ አመሰግናለሁ። በእሱ ላይ ልጄ ምሳው «ሥራውን በገዛ ፈቃዱ ጥሎ ሄዷል» ይላል። አብሮት ይሠራ የነበረውና በመተማ በኩል ወደ አገሩ የተመለሰው የአበርገሌው ተስፋው እንደነገረኝ ከሆነ ግን ልጄ ከሥራ ቦታው የትም አልሄደም። እንዲያውም እንደ እሱ ሥራ ቦታው ላይ ጸንቶ የቀረ ሠራተኛ በድርጅታችሁ መኖሩን እጠራጠራለሁ። እንግዲህ ጊዜዎን ላለመሻማት ቅሬታዎቼን በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ቅሬታዬ በራሴ አላዋቂነት ላይ ነው። ሽማግሌ እስክሆን በዋግ ምድር ስኖር ያልተፈለገ ውሃ የሚባል ነገር መኖሩን ሰምቼ አላውቅም ነበር። ያስረዳኝ ተስፋው ነው። ከመሬት በታች ነዳጁና ውሃው ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ ነዳጁ ለዓመታት ሲቀዳ ውሃው ተከትሎ ይመጣል፤ በኋላ ከጉድጓዱ የሚወጣው አብዛኛው ውሃ ይሆናል፣ ነዳጁም ከሥር ይቀራል። ስለዚህ ሲሚንቶ በቧንቧ ወደ ታች ተገፍቶ ውሃው የሚገባበት ቀዳዳ ብቻ ይደፈናል። ልጄ ይህን ሲሚንቶ ከሚያቦኩት አንዱ ነበር። ብልሃቱን አደንቃለሁ። ወጣቶቻችን ውሃ ፍለጋ የሚሰደዱ መስሎን ነበርና ውሃ ለመድፈን እንደሚሄዱ ስናውቅ ትንሽ ግር ብሎናል፤ ይቅርታ ያድርጉልን።

ሁለተኛ፣ ስለ ኩሬው ነው። ከነዳጁ የሚለየው ያ ውሃ በአፈር ግድብ ወደታጠረ ጥልቅ ኩሬ ይለቀቅ እንደነበር ታውቃላችሁ። ሲሚንቶው ወደ ጉድጓዱ መውረድ በጀመረበት ቀን ልጄ የውሃ ቧንቧ እንዲያቀና ግድቡ ላይ ታዘዘ፤ ግድቡ ከእግሩ ሥር ተንዶ ይዞት ገባ። ተስፋው በዓይኑ አይቷል። ኩሬውን የሚያጎድለው ሞተር ያን ጊዜ ሲሚንቶውን እየገፋ ስለነበረ ለአለቃው «ሞተሩን አዙሩልን» ብለው ቢለምኑት፣ ሥራው ከተቋረጠ ሲሚንቶው ቧንቧ ውስጥ ይደርቃል፣ ጉድጓዱም ይበላሻል ሲል መለሰላቸው። ልክ ነው፤ ሲሚንቶ አይጠብቅም። ሰው ግን ይጠብቃል። ልጄ እስካሁን እየጠበቀ ነው።

ሥራው ግን ያማረ ነበር፤ ለዚህ እንኳን ደስ አላችሁ። ውሃው ተደፈነ፣ ነዳጁ ጨመረ፤ ከዚያ ወዲያ የሚጠራቀም ውሃ ስላልነበረም ኩሬው አላስፈለገም፤ ውሃው ሳይጎድል፣ ማንም ሳይፈትሸው አፈር ተሞልቶ ተደለደለ። ከመልሳችሁ ጋር በላካችሁልኝ ባለቀለም መጽሔት ላይ ቦታውን አይቼዋለሁ፤ ለጥ ያለ ሜዳ ሆኖ ችግኝ ተተክሎበታል። ተስፋው ጣቱን ችግኞቹ ላይ አደረገ። እኔም ከዚያ በኋላ አልጠየቅሁትም።

ሦስተኛ፣ ስለ መርዶ ነው። በእኛ አገር ሰው ሲሞት የሠፈሩ ሽማግሌዎች ሌሊቱ ሊነጋጋ ሲል ተሰብስበው መርዶ ይነግራሉ፤ ከዚያ ይለቀሳል፣ ፍትሐት ይደረሳል፣ ተዝካር ይወጣል። ተስፋው የነገረኝን ለሽማግሌዎች ነግሬ ጎህ ሲቀድ ወደ ቤቴ መጡ። ባለቤቴ ጥሩሐረግ በር ላይ ቆማ የናንተን ወረቀት ዘረጋችባቸው። ማንበብ አትችልም፤ ማኅተሙን ግን ታውቃለች። «ሄዷል ይላል እኮ፤ የሄደ ሰው ይመጣል። ልጄን በቁሙ አትቅበሩብኝ» አለቻቸው። ሽማግሌዎቹ ነጠላቸውን አጣፍተው ተመለሱ። ሌላም ጊዜ መጥተው እንዲሁ ተመልሰዋል። እኔ የደብሩን ሙታን ሁሉ በፍትሐት የሸኘሁ ቄስ ለገዛ ልጄ አፌን መክፈት አልቻልኩም፤ እናቱ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ላይ ቆማ «በሕይወት አለ» እያለች እንዴት ብዬ ስሙን ከሙታን ጋር ልጥራው? ማኅተማችሁ ከቃሌም ከመስቀሌም በልጧል። እንዲህ ያለ ሥልጣን ስለያዛችሁ ደስ ሊላችሁ ይገባል።

አራተኛውን ለመጻፍ አፍሬ ነበር፤ ግን ከእናንተ ምን እሰውራለሁ። በመንደራችን የእጅ ፓምፕ የተገጠመለት የውሃ ጉድጓድ አለ። ጥሩሐረግ ፓምፑ ሲገፋ ከሥር ሰው ይሰማኛል አለች። ከዚያ ወዲህ ውሃውን አትቀዳም፤ ቧንቧው ላይ ጎንበስ ብላ በልጅነቱ ታባብልበት በነበረው በኽምጣንጋ ቋንቋ ታናግረዋለች። ሴቶቹ እንስራቸውን ይዘው ቆመው ይጠብቋታል፤ አንዷም ተነሺ አትላትም። እኔ ካህን ነኝና ይህ የኀዘን ብዛት ነው ብዬ ልመክራት ሄድኩ። ጆሮዬን ቧንቧው ላይ ሳደርግ ግን ወደ ላይ መውጣት የሚፈልግ ነገር ከሥር ሲያንኳኳ ሰማሁ። ብረቱ ነው ቢሉኝ አልከራከርም። እኔም አሁን ውሃ የምቀዳው ከሩቁ ምንጭ ነው። ፈርቻለሁ፣ ክቡር ሆይ፤ ልጄን ፈርቻለሁ፤ አባት የገዛ ልጁን ሲፈራ ምን እንደሚመስል እግዚአብሔር ለእርስዎ እንዳያሳይዎ እጸልያለሁ።

ስለዚህ የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። ካሣ አልጠየቅሁም፣ ክስም አላቀረብኩም። «ምሳው ገብረ አምላክ ሞቷል» የሚል አንድ መስመር ጽፈው ያንኑ ማኅተም ያሳርፉበት። ሽማግሌዎቹ ወረቀቱን ይዘው ይመጣሉ፣ እናቱም ታለቅሳለች። ውሃን ያህል ነገር ከመሬት በታች ለይቶ ማቆም የቻለ ድርጅት አንዲት እናትን ማስለቀስ ያቅተዋል ብዬ አላምንም።

ነዳጃችሁ እንዳይነጥፍ፣ ውሃችሁም ከተደፈነበት እንዳይነሣ እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣዎ፣ ሐዘን ተከልክዬ ለቅሶ የምጠብቅ፣

ቄስ ገብረ አምላክ
ሰቆጣ፣ ኅዳር 1999 ዓ.ም.

ጭማሪ፦ በመልሳችሁ ግርጌ፣ ሠራተኛው ወደ ቤተሰቡ ሲመለስ የድርጅቱን የሥራ ጫማ እንዲያስረክብ እንዳደርግ አሳስባችሁኛል። የሰው ንብረት ቤቴ እንዲቀር አልፈልግምና ተስፋውን ጠየቅሁት፤ ጫማው በልጄ እግር ላይ ነው። የምትቆፍሩበትን ቦታ ታውቁታላችሁ። ጫማውን ውሰዱ፤ እግሩን ለእናቱ ላኩላት።