ገበያ የሄድኩባት ሰዓት

ቢቸና፣ ቅዳሜ፣ ኅዳር 20

የእህቴ ልጅ ትዕግሥት ዛሬ ከሞጣ መጣች። እዚያ ፊዚክስ ታስተምራለች። ባለፈው ሳምንት አሮጌ ስልኳን ትታልኝ ሄዳ ነበር። ካሜራውን በጥቁር ፕላስተር ሸፍናዋለች፤ ከጠፈር የሚመጣ ብናኝ ጣሪያውን አልፎ ካሜራውን በነካው ቁጥር ስልኩ ቲክ ይላል። የኔ ሥራ ቀን ቀን ቲኩን እየቆጠርኩ በየሰዓቱ ደብተር ላይ መጻፍ ነው። ብርሃን ጨርሶ እንዳይገባበት ብዬ ዳዊቴን አውጥቼ ስልኩን በማኅደሩ ከትቼዋለሁ። ብናኙ ቆዳም አያግደው።

ደብተሩን ስታነብ ቆም አለች።

«የረቡዕ ሦስት ሰዓት፣ ሰባት። ይህ ሰባት ከየት መጣ ጋሼ?»

«ከሰማይ ነዋ፣ እሜቴ ፊዚክስ!»

«ረቡዕ ሦስት ሰዓት ገበያ ነበሩ። እማዬ በግ ሲያማርጡ አይታዎታለች።»

ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። ባዶ ቦታ ብታይ ይከፋታል ብዬ ነበር የሞላሁት።

«አንዱ ውሸት ከሆነ ሌላውን በምን ልመን? ለተማሪዎቼስ ምን ብዬ ላሳይ?» ዓይኗ እንባ አቀረረ።

አፈርኩ። «የቀረው እውነት ነው፤ ይህን ዳዊት!» ብዬ ማኅደሩን በእጄ መታሁ።

«ዳዊቱ መደርደሪያ ላይ ነው ጋሼ። የማሉት በስልኬ ነው» አለችና ሳቋ አመለጣት።

ሰባቱን ሰርዛ በጎኑ «ጋሼ ገበያ ነበሩ» ብላ ጻፈች። ስልኩን ይዛው ትሄዳለች ብዬ ፈርቼ ነበር። ማኅደሩን አጠገቤ ሰቅላልኝ ሄደች።

ይህን ስጽፍ ቲክ አለ። አንድ። አንድ ብቻ ጻፍኩ።