ማኅሌት የቀደደቻቸው ገጾች

ሰኞ

ዛሬም ቀደደችው። ይኸ ሦስተኛዋ ነው። ማኅሌት ቆማ አነበበች፤ ከሐይቁ ማዶ ከቁንዝላ በጀልባ ስትመጣ አብራት ስለተሳፈረች አንዲት ዶሮ ነበር። ልጆቹ ሳቁ፤ ኋላ ሳቃቸው ጠፋ፤ ለካ ዶሮዋ ለሕክምና የሚመጡ ሴትዮ የመጨረሻ ንብረት ናት። አፏን ዘግታ የማታውቀው ሐና እንኳ ዓይኗን ጠረገች። ከዚያ ማኅሌት ወረቀቱን ለሁለት፣ ለአራት፣ ለስምንት ቀደደችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«ምነው ማኅሌት?» አልኋት።

«አለቀ እኮ እትየ» አለችኝ፤ ሌላ የሚባል ነገር እንደሌለ ሁሉ።

ቅዳሜ የንባብ ቀናችን ነው። ወላጆች ይመጣሉ፤ የአሥራ ሁለቱም ልጆች ጽሑፍ በአንድ መድብል ይወጣል። እስካሁን በእጄ ያለው የአሥራ አንዱ ነው። የጎደለችው ደግሞ ከሁሉም የምትበልጠው ናት። ተናድጃለሁ። በማን እንደሆነ ግን አላውቅም።

ለነገሩ ማኅሌት የመጣችው ለድርሰት አይደለም። አባቷ መሪጌታ ይትባረክ የቅኔ መምህር ናቸው። ልጃቸው አሥረኛ ክፍል ስትገባ ሒሳቡ ከበዳትና ከትምህርት በኋላ ልጆች ወደምናስጠናበት ማዕከላችን ላኳት። «ሒሳቧን ተምራ ትምጣ» ብለው ነበር በሰው። ማጠናከሪያው በዘጠኝ ሰዓት ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ ያለው የድርሰት ሰዓት ለእሷ ገበያ ላይ እንደሚጨመር ምርቃት ነው። ለእኔ ግን ቀኑን ሙሉ የምጠብቀው እሱን ነው። የጠዋት ፈረቃ አስተምሬ፣ ምሳዬን በጥድፊያ ጎርሼ የምሮጠው ለዚያ ሰዓት ነው።

በመከታተያ ደብተሬ ላይ እንዲህ ጻፍሁ፦ «ማኅሌት። በራሷ አትተማመንም። ማበረታታት ያስፈልጋል።» አሥራ ስምንት ዓመት ያስተማረ ሰው እንዲህ ያለውን ሲጽፍ እጁ አይንቀጠቀጥም።

ለነገ፦ ከእድሩ ወንበር መለመን። የሐናን ጽሑፍ ማሳጠር፤ አሥራ አራት ገጽ ነው። ጠመኔ። ማንጎ ለልጆቹ፣ ከረከሰ።

ማክሰኞ

ኃጢአትም ከሆነ ለበጎ ብዬ ነው። ስልኬን ከስም መጥሪያው ሥር ደበቅሁና ድምፅ መቅጃውን ከፈትሁት። ማኅሌት ስታነብ ቀዳኋት።

ቤት ገብቼ እየሰማሁ ገለበጥሁት። እነሆ፦

«አባቴ ማለዳ ማለዳ ዳዊት ይደግማሉ። በቃላቸው ያውቁታል፤ ግን መጽሐፉን ሳይዙ አይደግሙም። አንድ ቀን የእጅ መታጠቢያ ውኃ ይዤ ስገባ ገልብጠው ይዘውታል። ፊደሉ ሁሉ በአናቱ ቆሟል። ገጽ ይገልጣሉ፤ ጣታቸውን በመስመሩ ላይ ይነዳሉ፤ አንድም ቃል አይስቱም። ውኃውን አስቀመጥሁ። ከዚያ ‹ዳዊቱን ልሳለም› አልኋቸው። ሰጡኝ። ተሳለምሁና አቅንቼ መለስሁላቸው።»

በቃ፣ ይኸው ነው። ልጆቹ አላጨበጨቡም፤ ማጨብጨብ የሚያስነውር መሰላቸው። እሷም እንደ ልማዷ ቀደደችው። እኔ በልቤ «ቅደጂው፣ ይዤዋለሁ» አልሁ። ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። በአሥራ ስምንት ዓመት እንዲህ ያለ ነገር ከልጅ አፍ ሰምቼ አላውቅም፤ ወደ ቤት የመጣሁት በሐይቁ ዳር በኩል፣ ሆን ብዬ መንገዱን አርዝሜ ነው።

ረቡዕ

መብራት የለም። ኮፒ ቤቱ በር ላይ ሦስት ሰዓት ተቀምጬ ዋልሁ። ብቻ ተመስገን፣ ታተመ። ሽፋኑ ላይ ሐና የሳለቻት ታንኳ አለች፤ ትንሽ ጫማ ትመስላለች፤ ግን አልነገርኋትም። የማኅሌት ገጽ ዘጠኝ ላይ ነው፤ ስሟ ከላይ በደማቁ።

ዮናታን አንድ ቅጂ አንስቶ ገጽ ዘጠኝን አነበበ። ዮናታን የሐዋሳ ልጅ ነው፤ እዚህ ኮሌጅ ያስተምራል፣ ከሰዓት በኋላ ለእኛ ልጆች ሒሳብ ያስረዳል። ደመወዝ የለው፣ ምስጋናም ከእኔ ብዙ አይሰማም። «እሷን ጠይቀሻታል ጥሩዬ?» አለኝ።

«ስታየው ደስ ይላታል» አልሁት።

«እኔ ብሆን ኖሮ መጀመሪያ እጠይቅ ነበር» አለና ወደ ሰሌዳው ሄደ። ስለ ሒሳብ እንጂ ስለ ድርሰት ምን ያውቃል ብዬ ተውሁት።

ደግ ዜና፦ ማኅሌት የሒሳብ ፈተናዋን አለፈች። ባለፈው ወድቃ ነበር። ወረቀቱን ለዮናታን በሁለት እጇ ነው የሰጠችው። ያችን ግን አልቀደደቻትም።

ሐሙስ

ያየሁትን ፊት እንዳላየሁት ባደረገኝ።

መድብሉን ለልጆቹ ለየቤታቸው ሁለት ሁለት አደልሁ። ማኅሌት ገጽ ዘጠኝን ገለጠች። አነበበች። ደግማ አነበበች። «ማን ሰጠሽ?» አለችኝ። ቀድቼሽ ነው አልኋት፤ እንዲያውም ፈገግ ብዬ።

«ለእናንተ ነበር የተናገርሁት እትየ» አለች። «ለሰፈር አልነበረም።» ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች። ሒሳቧንም ሳትማር።

ነገሩን ያስረዳችኝ ሐና ናት፤ ጎረቤታሞች ናቸው። የመሪጌታ ተማሪዎች በየቀኑ አዲስ ቅኔ ቆጥረው ያድራሉ፤ ማለት በሐሳባቸው ያዘጋጃሉ። በማግሥቱ ለመምህሩ ይነግራሉ፤ መምህሩ ያርማሉ፤ አለቀ። ለሚቀጥለው ቀን ሌላ ነው። የትናንቱን ይዞ የመጣ ይሳቅበታል። ማኅሌት ይኸን ከግድግዳ ወዲያ እየሰማች አደገች። ወረቀቷን የምትቀደው አፍራ አይደለም፤ የቀኑ ሥራ ስላለቀ ነው።

«ሁላችንም እናውቅ ነበር እኮ» አለችኝ ሐና። «ቲቸር የማታውቂ አልመሰለኝም።»

የማክሰኝት ልጅ ነኝ። ቅኔ ቤት አጠገብ አድጌያለሁ። እንዴት ጠፋኝ? «በራሷ አትተማመንም» ያልሁትን ከደብተሬ ሰረዝሁት። የከፋው ግን ሌላ ነው። መሪጌታ ዓይናቸው እንደከዳቸው ማንም አያውቅም ነበር፤ ተማሪዎቻቸውም፣ ደብሩም። እኔ ግን በደማቁ አሳትሜ ለየቤቱ አደልሁት።

በባጃጅ ዞሬ መድብሉን መሰብሰብ ጀመርሁ። ግማሹን አገኘሁ። የሐና እናት «አንብቤ ልጨርሰውና ነገ ውሰጂው» አሉኝ፤ ዓይናቸው ቀልቷል። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦ «የመሪጌታ ነገር እውነት ነው እንዴ?»

አባቷ ማኅሌትን ካስቀሩብኝ ጥፋቱ የእኔ ነው። ድርሰቱ ይቅር፤ ሒሳቧ ገና መቃናቱ ነበር።

ዓርብ

አልመጣችም። አባቷ መጡ።

ስምንት ሰዓት ላይ፣ ልጆቹ ሳይደርሱ ወንበር ስደረድር፣ የመቋሚያ ድምፅ ሰማሁ። መሪጌታ ናቸው፤ ብቻቸውን። ደጃፋችን ላይ አንዲት ክፉ ደረጃ አለች። በመቋሚያቸው ነካ አድርገው አወቋትና ተሻገሯት። እኔ ስንት ጊዜ የረገጥኋት ሴት፣ ትናንት እንኳ አደናቅፋኛለች።

አስቀመጥኋቸው። ይቅርታዬን ስጀምር እጃቸውን አነሡ።

«ተማሪዎቼ ስለ ዓይኔ ሲንሾካሾኩ ሰማሁ» አሉ። «ጆሮዬ ደኅና ነው። እስቲ ልጄ አለች የተባለውን አንብቢልኝ።»

አነበብሁላቸው። «አቅንቼ መለስሁላቸው» የሚለው ላይ ስደርስ አንገታቸውን ደፉ።

«መርቄያት ነበር» አሉ ቆይተው። «ዳዊት ልሳለም አለች ብዬ፣ ደስ ብሎኝ።» ጣታቸው በመቋሚያው ላይ ተመላለሰ። «በየማለዳው ነው እኮ የምትሳለመው። ስንት ቀን ገልብጨው ኖሯል?»

ከዚያ ሳቃቸው መጣ። መጀመሪያ ትከሻቸው፣ ኋላ ሁለመናቸው። ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ፤ የሳቅ እንባ ብቻ አልነበረም። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ከዚያ አለቀስሁ፤ ቅደም ተከተሉን አላስታውስም።

«ይቅር ይበሉኝ የኔታ» አልኋቸው። «ሳልጠይቃት ነው የወሰድሁት።»

«እሱንስ አጥፍተሻል» አሉኝ፣ ሳያለሳልሱ። «አምናሽ ነው የተናገረችው። ይቅርታውን ከእሷ ለምኚ። ከእኔ ዘንድ ያለውን እኔና እሷ እንጨርሰዋለን።»

ለመሄድ ሲነሡ መምህርነታቸው ያዛቸው መሰለኝ። «መካከሉ ረዝሟል። ውኃውን ምን አመጣው?» አሉ። በር ላይ ደግሞ፦ «ነገ በስንት ሰዓት ነው?»

«በስምንት ሰዓት የኔታ።»

«አንዱን መጽሐፍ ስጭኝ።» እጃቸውን ዘረጉ። «አቅንተሽ።»

ሰጠኋቸው፤ አቅንቼ። ሁለት ጊዜ አይቼ።

ቅዳሜ

ዛሬ የሆነውን በቅደም ተከተል ልጻፈው፤ ልቤ ገና አልረጋም።

ማኅሌት ከሁሉም ቀድማ መጣች። አጥፍቻለሁ፣ ጠይቄሽ መሆን ነበረበት አልኋት። ሌላ ማመካኛ አዘጋጅቼ ነበር፤ ዋጥሁት። አንድ ወንበር አንሥታ አስተካከለች። ከዚያ «ዛሬ ማለዳ ዳዊቱን ልሳለም ስላቸው» አለች፣ «‹አይ፣ ዛሬ እንኳ እይልኝ፤ ቀንቷል ወይ?› አሉኝ።»

«ቀንቶ ነበር?»

«ቀንቶ ነበር» አለች፤ ሳቋ አመለጣት። «‹ቀንቷል› ስላቸው ‹እንግዲያማ ለእውነት ተሳለሚ› አሉኝ።»

ይቅር ማለቷ ነው ብዬ ወሰድሁት። በአፏ ግን አላለችውም፤ እኔም አልጠየቅኋትም።

የእድሩ ወንበሮች አልበቁም፤ ወላጆች መስኮቱ ላይ ሳይቀር ተቀመጡ። ሐና አሥራ አራቱን ገጽ ወደ አራት አሳጥራ አነበበች፤ እናቷ የጎደለውን ለጎረቤታቸው በሹክሹክታ ሞሉት። የማኅሌት ተራ ሲደርስ መድብሉ በእጁ የቀረ ሁሉ ገጽ ዘጠኝን ገለጠ። መሪጌታ ከፊት ተቀምጠዋል፤ መድብሉ ጉልበታቸው ላይ ነው።

ማኅሌት ባዶ እጇን ቆመች። «ያ የማክሰኞ ነው» አለች። «ዛሬ ቅዳሜ ነው።» ከዚያ አዲስ ተናገረች፤ ፊቷን ወደ አባቷ አድርጋ፣ ከወረቀት ሳይሆን ከራሷ።

ስልኬ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ቦርሳዬን ደግሞ ሆን ብዬ ሌላኛው ክፍል ትቼዋለሁ።

ጨረሰች። መሪጌታ መቋሚያቸውን አንድ ጊዜ መሬት አስነኩና፣ በቅኔው ጉባኤ ደስ ያለው ሰው እንደሚለው፣ «ይበል» አሉ፤ በቀስታ። ተማሪዎቻቸው ከኋላ «ይበል፣ ይበል» ብለው ተቀበሏቸው። የሐና እናትም አሉ፤ ዮናታንም አለ፣ ትንሽ ዘግይቶ፣ ምን እንደሆነ ሳያውቅ።

ወላጆች ሲበተኑ መሪጌታ ዮናታንን አስጠሩት። «አንተ የሒሳቡ ልጅ» አሉት፣ «የዓይን ሐኪም ቤት መንገድ ታውቃለህ አሉ።» ሞራ ከሆነ ይገፈፋል ይባላል፤ ሌላ ከሆነ አናውቅም። ማክሰኞ ይወስዳቸዋል። ይኸን ስንት ወር ደብቀው የኖሩ ሰው ናቸው። ማን እንዳሳመናቸው የሰማን ሁሉ እናውቃለን።

እሑድ

ሰውነቴ ዝሏል፤ ደግ ዓይነት ድካም ነው። ወንበሮቹን መልሰናል፤ አንዲት እግሯ ተሰብራለች፣ ዮናታን አሠራታለሁ ብሏል። ዛሬ የማመሰግናቸው፦ ክፍሎቹን በነጻ የሰጡን ሴትዮ፣ የእድሩ ዳኛ፣ ዮናታን (ረቡዕ ልክ ነበርህ ብዬ ነገርሁት፤ ዝም ብሎ ሳቀ)፣ ሐና እውነቱን ፊት ለፊት ስለነገረችኝ። መሪጌታን በምን ቃል እንደማመሰግን ገና አላወቅሁም።

ማኅሌት ትናንት ስትሰናበተኝ «ሰኞ ሒሳብ አለኝ አይደል?» ነበር ያለችው። አለሽ አልኋት። ከሒሳቡ በኋላ ትቆይ እንደሆነ አልጠየቅኋትም፤ የእሷ ጉዳይ ነው። የማክሰኞው የዓይን ምርመራም ያስፈራኛል።

ከሰዓት በኋላ ዮናታን ደውሎ «ቅዳሜ ያለችውን ማንም አልቀዳውም?» አለኝ። ቆጭቶታል።

አልተቀዳም። ግማሹን ግን አስታውሰዋለሁ፤ አጀማመሩን በተለይ ቃል በቃል። እዚህ ላሰፍረው ብዬ ነበር ደብተሩን የከፈትሁት፤ ተውሁት። ለእኛ ነው የተናገረችው፤ እኛም ሰምተናል።