«አጥፊው» ያልኳት እኔ ነኝ

ሰኞ፣ ጥቅምት 17

«አጥፊው» ያልኳት እኔ ነኝ። ሌላ ማንም አይደለም።

ጠዋት እዚህ ገዳሪፍ፣ መጋዘን ሚዛን ላይ ነበርኩ። ሰሊጡ ይገባል፣ ጫኞቹ ይጮኻሉ። ወርቅነሽ ደወለች። ጎረቤቴ ናት፣ መጋዘኑ በር ላይ ለጫኞች ፉል ትሸጣለች፤ ዛሬ ግን አሟት ቤት ቀርታለች። «ጋሽ አለሙ፣ አረንጓዴው ደረቀብኝ፣ አልንቀሳቀስ አለ፤ ምን ላድርግ?» አለችኝ። አረንጓዴው የምትለው ልጇ የሺ ከጅዳ የምትደውልበትን አፕ ነው። ማንበብ ስለማትችል ሁሉንም የምትጠራው በቀለሙ ነው። እኔም ዓይኔን ከሚዛኑ ሳላነሳ «አጥፊውና መልሰሽ ክፈቺው» ብዬ ዘጋሁት።

ስልኩን ማለቴ ነበር። እሷ አረንጓዴውን አጠፋችው። ጫን አድርጋ ስትይዘው የቆሻሻ መጣያ ስዕል መጣላት፣ እሱን ነካች።

አመሻሽ ላይ መጥታ ስልኩን ዘረጋችልኝ። «ይኸው አጠፋሁት። አሁን በየት በኩል ነው የምከፍተው?»

ምን ልበላት? የሺ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ቀኗ ደርሷል። ቁጥሯ ደግሞ የትም አልተጻፈም፤ የሺም የምትደውለው በአረንጓዴው ብቻ ነው። «በፎቶዋ ነው የምደውልላት፤ ቁጥር ምን ያደርግልኛል ብዬ» አለች። ፎቶውም አብሮ ሄዷል።

ዛሬ የተጠየቅኩትን ለኅሊናዬ ልጻፈው።
ስልክ ሲዘጋ ዳታ ይበላል? አይበላም አልኩ። ይኼን አውቃለሁ።
ቻርጅ ላይ ማደር ባትሪ ይገድላል? ይገድላል አልኩ። እርግጠኛ አይደለሁም።
አንድ ጊጋ ስንት ሜጋ ነው? ሺህ አልኩ። ከሺህ ትንሽ ሳያልፍ አይቀርም።
ግመል ውሃ የሚያጠራቅመው ሻኛው ውስጥ ነው? አዎ አልኩ። ከየት አመጣሁት?

ስምንተኛ ክፍል የጨረስኩ ሰው ነኝ። ባለቤቴ ሙሉ ካረፈች ወዲህ (ነፍሷን ይማር) እቤቴ የሚጠይቀኝ የለም። ጨው የት አስቀመጥከው የሚለኝ እንኳ የለም። ሰው ሲጠይቀኝ ደስ ይለኛል፤ ደስ ስለሚለኝ ቶሎ እመልሳለሁ። ነገሩ ይኸው ነው፣ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18

ወርቅነሽን ይዤ ሱቅ ውስጥ ስልክ ወደሚጠግነው ዑስማን ሄድኩ። «ያ ሐጅ» ይለኛል ሁልጊዜ፣ መካ ደርሶ እንደተመለሰ ሽማግሌ። ክርስቲያን ነኝ ብዬው አውቃለሁ። ዛሬ «እንግዲያው የኢየሩሳሌም ሐጅ ነህ» ብሎ ሳቀብኝ።

አረንጓዴውን መልሶ ጫነው። አፑ ወዲያው ስልክ ቁጥር ጠየቀ። የሱዳን ቁጥሯን ልነግረው አፌን ስከፍት እጁን አነሳ። «ቆይ። ሌላ ቁጥር ካስገባህ ሌላ ቤት ነው የሚከፍትልህ፣ ባዶ ቤት። ቁልፉ የድሮው ቁጥር ነው።»

አንድ ቃል ብፈጥን ኖሮ ሌላ ጥፋት ልሠራ ነበር። ተመስገን።

የድሮው ቁጥር የመተማ ነው። ሲሙ እስከዛሬ ስልኩ ውስጥ አለ፣ ግን እዚህ ገዳሪፍ ኔትወርክ አያገኝም። የማረጋገጫው ቁጥር ደግሞ የሚላከው በእሱ ነው። «ገላባት ድረስ ውረዱ። ድንበሩ ላይ የሐበሻው ሸበካ፣ ኔትወርኩ፣ ይይዛል» አለ ዑስማን። ጥቂት ቆይቶ «ሲሙ ካልሞተ» ብሎ ጨመረ።

«ሲም ይሞታል እንዴ?» አለች ወርቅነሽ።

ብዙ ጊዜ ካልተሞላ ይዘጋል አላት። ወደ እኔ ዞረች፦ «እውነቱን ነው ጋሽ አለሙ?»

ትናንት እንዲያ አድርጌያት ዛሬም የምትጠይቀው እኔን ነው። አንገቴን ደፋሁ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19፣ ገብርኤል

የነገን ቀን ፈቃድ ጠየቅኩ። የመጋዘኑ ባለቤት «በሰሊጥ ወቅት? ለስልክ? እኔ ደግሞ ሰው የሞተ መስሎኝ!» አለኝ፣ ጫኞቹ ሁሉ እየሰሙ። ሳቁብኝ። አንዱማ «ጋሼ ስልኩን ሊቀብሩት ነው?» አለ። ወደ ሚዛኔ ተመለስኩ። በኋላ ሰውዬው ራሱ ጠርቶ የማን ስልክ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። «ሂድ፣ ሚዛኑን እኔ እይዛለሁ» አለ። እሱም ሴት ልጆች አሉት።

ወርቅነሽ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። «አንተ ምን ታደርግ፣ የነካው የኔ ጣት ነው» ትላለች። ግን ሽንኩርት ስትከትፍ ዓይኗ ስልኩ ላይ ነው። «ምጥ ይዟት ብትደውልስ? እናቴ ዘጋችብኝ ብትልስ?» ይኼን የምትለው ለኔ አይደለም፣ ለሽንኩርቱ ነው።

ጸሎቴ ዛሬ አጭር ነበር። ገብርኤል ሆይ፣ ሲሙ በሕይወት ይቆየን። እንዲህ ተብሎ ተጸልዮ ያውቅ ይሆን? አላፈርኩም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20

ገና ጎህ ሳይቀድ በሚኒባስ ወጣን። ዶካ ኬላ ላይ ወረቀት አዩ፣ አሳለፉን። ገላባት ስንደርስ ፀሐይ ከፍ ብላለች። ወርቅነሽ ስልኩን እንደ ጧፍ ከፍ አድርጋ ይዛ ትሄዳለች። መንገዱ ላይ የቆሙ ሰዎች ዞር እያሉ አዩን።

የለም። ትንሽ ወደ ወንዙ ቀረብን። አሁንም ኔትወርክ የለም። አንድ ወታደር ከዚህ አትለፉ አለን። እዚያው ቆምን።

ከዚያ ጮኸ! አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጊዜ። ሦስቱም የጥቅል ማስታወቂያ ናቸው። በማስታወቂያ እልል ያለች ሴት ዛሬ አየሁ። ወታደሩ «ሰርግ ነው?» አለ።

ቁጥሩን አስገባሁ። «ስህተት» አለኝ። ከፊት ያለውን ዜሮ ተዉ ብሎኝ ነበር ዑስማን፤ ረስቼ። ደገምኩት። ስድስት አሃዝ መጣ። ወርቅነሽ ቁጥር ታውቃለች፣ እሷ ጠራች፣ እኔ ነካሁ። ስቸኩል «ቀስ በል፣ ማንም አያባርርህም» አለችኝ። «የድሮው ይመለስ?» ብሎ ጠየቀ። ሁለት ጊዜ አንብቤ፣ ለእሷም ጮክ ብዬ አንብቤላት፣ ነካሁት።

ፎቶዋ መጣ። የሺ፣ ቢጫ ሻሽ አስራ። ወርቅነሽ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

ቀጥሎ ያልደረሱት የድምፅ መልእክቶች ተከታትለው ወረዱ። የሰኞው፦ «እማ፣ ምነው ስልክሽ?» የማክሰኞው፦ «እማ፣ ታመሽ ነው? ጎረቤት ልኪና ድምፅሽን አሰሚኝ።» የዛሬ ጠዋቱ፦ «እማ፣ ሆስፒታል እየሄድን ነው። ጸልዪልኝ።» ከዚያ ወዲያ ምንም የለም።

ደወልን። ይጠራል፣ አይነሳም። ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ደወለች። ይጠራል። ቢያንስ ይጠራል። ስለ መጥራቱም ተመስገን።

ዓርብ፣ ጥቅምት 21

መጋዘን ዝግ ነው። ወርቅነሽ ግቢ ሰው ተሰብስቧል።

ወደ አምስት ሰዓት ገደማ አረንጓዴው ጮኸ። የሺ ናት! ድምፅዋ ደክሟል፣ ግን ራሷ ናት። «እማ፣ ሴት ናት። ደህና ነን።» ወርቅነሽ ስልኩን ጉንጯ ላይ ለጥፋ ብቻ ታለቅሳለች። እኔ ወደ አጥሩ ዞርኩ።

ከዚያ የሺ ጠየቀች፦ «እማ፣ ቀኑ በኛ ስንት ነው? ሌሊት በሦስት ሰዓት ነው የወለድኩት። ለክርስትና ስሟ የማን ቀን እንደሆነ ንገሩኝ።»

ወርቅነሽ ስልኩን ሰጠችኝ። «በል ጋሽ አለሙ፣ ሕንጸታ ነው ማርያም? ቶሎ በላት!»

ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት። «የሺ ልጄ፣ ሦስት ሰዓት ያልሽው በኛ ነው በነሱ?» አልኳት። በኛ ከሆነ የማታው ነው፣ ገና ሃያ፣ ሕንጸታ። በነሱ ከሆነ ለሃያ አንድ ሊነጋጋ ነው፣ ማርያም።

«አባባ አለሙ፣ እኔ ሰዓት እያየሁ ነው እንዴ የወለድኩት!» ብላ ሳቀች፣ ወዲያው አመማትና «ወይኔ» አለች። «ወረቀቱ ሦስት ከዐሥር ይላል። አጥበው ሲያመጡልኝ የንጋት አዛን ይሰማኝ ነበር።»

«እንግዲያው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ማርያም ናት» አልኳት።

ግቢው በእልልታ ተናጠ። የሰሊጥ ጫኞቹ ሳይቀሩ መጡ፣ ያ ስልኩን ሊቀብሩት ነው ያለኝ ትከሻዬን ሳመኝ።

ልጅቱ የት እንደምትጠመቅ እግዚአብሔር ያውቃል። የሺ ይዣት እመጣለሁ ትላለች፣ መንገዱ ቀላል አይደለም። ወርቅነሽ ግን ከአሁኑ «ሰማንያ ቀኗ መች ይሞላል?» አለችኝ። ቁጭ ብዬ በጣቴ ቆጠርኩ። ጥቅምትን፣ ኅዳርን፣ ታኅሣሥን። ደነገጥኩ፣ እንደገና ቆጠርኩ። የተወለደችበት ቀን ከተቆጠረ ጥር ዐሥር፣ ከተራ ላይ ይውላል። ካልተቆጠረ ዐሥራ አንድ፣ ራሱ ጥምቀት።

«ታዲያ ይቆጠራል አይቆጠርም?» አለች።

«አላውቅም፣ ወርቅነሽ። ካህኑን እጠይቅልሻለሁ።»

«ኧረ የፈለገው ይሁን!» አለችና ፎቶውን ደግማ ነካችው።