ሟች ባለቤቴ የቀበሌውን ኮምፒዩተር አላጠፋም

ቀን፦ ጥር 29 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአምባ ጫፍ ቀበሌ አስተዳደር ጽሕፈት ቤት
ለክቡር ሊቀመንበሩ
አንኮበር

አመልካች፦ ወ/ሮ ደብሪቱ ብርሃነ መስቀል

ጉዳዩ፦ ያላገባሁ መሆኔን የሚገልጽ ማስረጃ ዐቢይ ጾም ሳይገባ እንዲሰጠኝ፣ እንዲሁም ሟች ባለቤቴ አቶ ወልደኪዳን የጽሕፈት ቤቱን ኮምፒዩተር እያጠፉ ነው ከሚለው ሐሜት ነጻ መሆናቸው በማኅተም እንዲረጋገጥልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሊቀመንበር ሆይ፣ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ይህን ማመልከቻ ለማስጻፍ ራፖር ጸሐፊው ዘንድ ሄጄ ነበር። ግማሹን ሰምቶ “እትዬ፣ ይሄ እንኳ አይጻፍም” ብሎ እስክርቢቶውን አስቀመጠ። ስለዚህ በራሴ እጅ ጽፌዋለሁ። ፊደሌ ቢንጋደድም ነገሬ አልተንጋደደም።

1. እኔ አመልካች የቀበሌዎ ነዋሪ ስሆን ባለቤቴ ካረፈ ሰባተኛ ዓመቱን ይዟል። ልጆቼን ድሬ ጨርሻለሁ፤ ቤቱ ጭር ብሏል። ባለፈው መኸር የጫጫው እህል ነጋዴ አቶ በላይ፣ እሳቸውም ሚስታቸው የሞቱባቸው ሰው ናቸው፣ ገብስ ሊገዙ መጥተው ገብሱን ትተው እኔን ጠየቁኝ። ደስ አለኝ። ምን ያስዋሸኛል፣ በዚህ ዕድሜዬ ደስ አለኝ! ፊርማውም ምሳውም ለቅበላ ሳምንት ተቆረጠ። ለፊርማው ደግሞ ያላገባሁ መሆኔን የሚገልጽ ማስረጃ አምጪ ተባልኩ።

2. በታዘዝኩት መሠረት ወደ ጽሕፈት ቤትዎ መጣሁ። መዝጋቢዋ ወ/ሪት ሥርጉት የተባረከች ልጅ ናት፤ ሰው አታመናጭቅም። በአንድ ጣቷ ቀስ እያለች ስሜን ጻፈች፣ የአባቴን ስም ጻፈች፣ የልጆቼን ስም በየተራ ጻፈች። “የሟች ባል ስም” የሚለው ጋ ደርሳ “ወልደ” ስትል ኮምፒዩተሩ ድርግም ብሎ ጠፋ። ትንሽ ቆይቶ በራሱ ጊዜ ተነሣ። እንደገና ከስሜ ጀመርን፤ እንደገና ወልደኪዳን ላይ ጠፋ። በሌላ ቀን ተመልሼ ብመጣም ያው ሆነ። መታወቂያ የሚያሳድሰው ሁሉ ግን ከፊቴ እያሳደሰ ይሄዳል። አግዳሚው ላይ ተራ የሚጠብቁት ሰዎች እርስ በርሳቸው ተያዩና “ባሏ ነው” አሉ። መጀመሪያ በሹክሹክታ ነበር፤ በቅዳሜው ገበያ ግን በርበሬ የምትሸጠኝ ሴት ሳይቀር ጠየቀችኝ።

3. ጽሕፈት ቤትዎ ዝም አላለም፤ ከደብረ ብርሃን ባለሙያ አስመጥቷል። ባለሙያው ፀሐይዋ ሞቅ ባለችበት በቀትር ደረሰ። የኮምፒዩተሩን ሆድ ከፍቶ አቧራውን እፍ እፍ አለበት፣ አንድ ዕቃም ቀየረለት። ሲሞክረው ምንም አላለም። “ጤነኛ ነው” ብሎ ሄደ። በማግስቱ ጠዋት ጤነኛው ወልደኪዳን ላይ ጠፋ።

ያን ጊዜ ሥርጉት እንባዋ እየመጣ “እማማ ደብሬ፣ ጋሼ ወልደኪዳን ቅር ብሏቸው ይሆናል፤ አንድ ዝክር ቢያደርጉላቸውስ?” አለችኝ። እኔ ሞኟ አደረግሁ። ጠላ ጠመቅሁ፣ በግ አሳረድሁ። ካህናቱ መጡ፣ ጎረቤት መጣ፣ ጽሕፈት ቤቱም ተዘግቶ መጣ። እርስዎም ነበሩ፤ ጠላውን እንዴት እንዳመሰገኑት አልረሳሁም። ያን ቀን በእርግጥ ኮምፒዩተሩ አንዴም አልጠፋም። የሚነካው ሰው አልነበረማ!

4. ወሬው ጫጫ ደረሰ። አቶ በላይ ደውለው “ደብሬ፣ ወልደኪዳን ነፍሱን ይማረውና፣ በሕይወቱም አንድ ጆንያ ገብስ በቀላሉ የሚለቅ ሰው አልነበረም። ከፋሲካ በኋላ ብናደርገውስ?” አሉኝ። ክቡር ሆይ፣ እርስዎም ወንድ ነዎት። “ከፋሲካ በኋላ” የሚል ወንድ ከፋሲካ በኋላ ስልክ እንደማያነሣ ያውቃሉ። እኔ ጾሙን ብቻዬን መያዝ አይከብደኝም። ፋሲካን ብቻዬን መፈሰክ ግን ሰልችቶኛል።

5. እውነቱ የተገለጠልኝ በዚህ ሳምንት ማክሰኞ ጠዋት ነው። ከሥርጉት ፊት ተቀምጬ ሳለ ነጠላዬ ተንሸራቶ ወደቀ። ላነሣው ጎንበስ ስል ከጠረጴዛው ሥር፣ ከካርቶን ጀርባ የተደበቀ የኤሌክትሪክ ምድጃ አየሁ። የልጅቷ እግር በካልሲ እንደሆነ ማብሪያውን በአውራ ጣቱ ጫን አደረገ፤ ከላይ ኮምፒዩተሩ ድርግም! ሽቦውን በዓይኔ ተከተልኩት። ምድጃውም ኮምፒዩተሩም በአንድ አሮጌ ዲቫይደር ላይ ተሰክተዋል። ምድጃው ሲነሣ ያለውን ኃይል ሁሉ ይጎትትና ኮምፒዩተሩን ባዶ ያስቀረዋል ማለት ነው።

ከዚያ ወዲያ ሁሉም ነገር ገባኝ። የመታወቂያ ጉዳይ አጭር ነው፤ እግሯ ሳይበርዳት ያልቃል። የእኔ ረጅም ነው፤ ሟቹ ጋ ስትደርስ እግሯ ደንዝዟል። ሲሞቃት ታጠፋዋለች፣ እንደገና ጀምረን እዚያው ስንደርስ እንደገና ይበርዳታል። ልጅቷ ዓይኗ ፊደሉ ላይ ስለሆነ እግሯ የሚሠራውን አታውቅም። ባለሙያውም በቀትር ስለመጣ ምድጃው አልበራም፤ እንዳትነግረው ደግሞ “በቢሮ ውስጥ ምድጃ ክልክል ነው” የሚለው የእርስዎ ማስታወቂያ በሩ ላይ ተለጥፏል።

6. አንድ ጊዜ ብቻ አይቶ መፍረድ ደግ አይደለም ብዬ ትናንት ሐሙስ ራሴ ሞከርኩት። ሥርጉት የእርስዎን የመንፈቅ ዓመት ሪፖርት እየጻፈች ነበር። ወንበሬን አስጠግቼ፣ ጫማዬን አውልቄ፣ እግሬን ዘርግቼ ማብሪያውን ጫን አደረግሁት። እርስዎ ከውስጥ ክፍል “ደግሞ ምን ሆነ!” ብለው ሲጮኹ ሰምቻለሁ። ለሪፖርቱ ከልቤ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ነገር ግን ሟች ባለቤቴ ከሪፖርትዎ ጋር ምን ጠብ አለው? ወዲያው ያልተናገርኩትም ሥርጉትን በሰው ፊት ላለማሳፈር ነው።

እዚህ ላይ ከደንቡ ወጣ ብዬ አንድ ነገር ልናገር። ወልደኪዳን ተጨቃጫቂ ነበር፤ በገብስ ዋጋ ከሰው ጋር ሲከራከር ይውል ነበር። በእኔ ላይ ግን አንድ ቀን “የት ዋልሽ?” ብሎ አያውቅም። ሊያርፍ ሲል እጄን ይዞ “ብቻሽን እንዳትሆኚ፣ ሰው አግቢ” ያለኝ እሱ ራሱ ነው። እኔ ነኝ ሰባት ዓመት የዘገየሁት። አሁን ያን የመሰለ ሰው ሚስቱን በኮምፒዩተር የሚያሳድድ ምቀኛ ሲባል ያመኛል፤ ሌሊት ያስለቅሰኛል። እሱ መልስ መስጠት አይችልም። ስለዚህ እኔ ቀርቤለታለሁ።

በመሆኑም ከክቡርነትዎ የምለምነው፦

ሀ) ማስረጃዬ ሰኞ ጠዋት፣ ምድጃው ከሶኬቱ ተነቅሎ ሳለ እንዲጻፍልኝ። ለሥርጉት እግር ጋቢ ይዤ እመጣለሁ።

ለ) ምድጃው እንዳይወረስ፣ ልጅቷም እንዳትቀጣ፤ ይልቁንም ለምድጃው ለብቻው መስመር እንዲዘረጋለት። ከገደሉ የሚመጣውን ነፋስ ያውቁታል፤ በዚያ ሲሚንቶ ላይ ያለ እሳት የሚቀመጥ ሰው የለም። በእርስዎም ክፍል ውስጥ አንድ ምድጃ አለ የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ ግን በዚህ ማመልከቻ ውስጥ አላነሣሁትም።

ሐ) “ሟች አቶ ወልደኪዳን በኮምፒዩተሩ መጥፋትና መነሣት እጃቸው የለበትም” የሚል አጭር ደብዳቤ እንዲጻፍልኝ፣ ማኅተሙም ደመቅ ብሎ እንዲመታ። አቶ በላይ ነጋዴ ናቸው፤ ማኅተም የሌለበትን ነገር አያምኑም።

ጾሙ ደጃፍ ላይ ስለሆነ ውሳኔዎ እንዳይዘገይብኝ እያሳሰብኩ፣ ለምሳውም ከወዲሁ ጠርቼዎታለሁ።

ከታላቅ አክብሮትና ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ደብሪቱ ብርሃነ መስቀል

ግልባጭ፦

ለወ/ሪት ሥርጉት
አምባ ጫፍ ቀበሌ
ልጄ፣ አትደንግጪ፤ ምንም አትሆኚም።

ለሟች ባለቤቴ ለአቶ ወልደኪዳን
ለእሱ ወረቀት አያስፈልገውም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መቃብሩ ጋ ሄጄ በቃሌ እነግረዋለሁ።

ለአቶ በላይ
ጫጫ
ወልደኪዳን እንዳልከለከለ ይኸው በጽሑፍ አስታውቄያለሁ። ከእንግዲህ የሚቀሩ ከሆነ የቀሩት እርስዎ ነዎት፤ በሞተ ሰው አያሳብቡ። መልሱን በስልክ አልቀበልም፤ ራስዎ ይዘውት ይምጡ።