ለየሺ፣ ስለሚያከሳው ኪኒን

የሺዬ፣ የቤቴ እመቤት፤

ከተለየሽኝ አራት ወር አለፈ። አርባሽ ወጣ፣ ሰዉም ወደየቤቱ ገባ፤ እኔን ግን ድንጋጤው አልለቀቀኝም። ልጃችንን ማህሌትን ብቻዋን መተው ፈርቼ የስፌት መኪናዬን ከሱቅ ወደ ቤት አምጥቻለሁ። ጸጉሯን እናትሽ ይሠሯታል።

ያን ቀን ለእህትሽ ለትርንጎ ሠርግ ወደ ሞጣ ልንሄድ ቢቸና መናኸሪያ ቆመን ነበር። "ልቤ እየመታ አላስቆም አለኝ" አልሽኝ። "ስላልበላሽ ነው፤ ሞጣ ስንደርስ ትበያለሽ" አልኩሽ። ቦርሳሽን ተቀብዬሽ ዞር ከማለቴ ወደቅሽ። በባጃጅ ሆስፒታል ስንደርስ እጅሽ ቀዝቅዞ ነበር። ጉንፋን እንኳ የማይደፍርሽ የሠላሳ አራት ዓመት ሴት!

ለቅሶ ላይ አንዱ ዓይን ነው አለ፣ ሌላው ምች ነው አለ። እኔም ልቀበል ነበር። ከሰልስትሽ በኋላ ግን ቦርሳሽን ስከፍት የተጋመሰ የኪኒን ብልቃጥ አገኘሁ። ጤና ጣቢያ ወስጄ ለነርሷ አሳየኋት፤ ልብሽ እየመታ አላስቆም ብሎሽ እንደነበርም ነገርኳት። አንብባ ብልቃጡን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

"ይሄ ሰውነት ለመቀነስ የሚወሰድ ነው። ልብ የሚያስሮጥ ነገር ሊኖርበት ይችላል፤ አንዳንዱ ላይ ደግሞ ያልተጻፈም ይጨመርበታል። የገደላት ይሄ ነው ብዬ አልምልም። ግን ልቧ እንደዚያ እየሆነ መውሰድ አልነበረባትም" አለችኝ።

ትርንጎን ስጠይቃት አለቀሰች። "ቅጠል ነው፣ ጉዳት የለውም" ተብላችሁ ከአንዲት ሴት ገዝታችሁ ኖሯል። የእሷን ተቀብዬ ሽንት ቤት ጣልኩት። ከወራት በኋላ ያለ ዘፈን ተዳረች።

ይበልጥ የሚያስደነግጠኝ ግን የራሴ ነገር ነው። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የሠርጉን ቀሚስሽን በሁለት ወር ሦስት ጊዜ አጠበብኩት። "እንደ ልጅነትሽ ሆንሽ" ብዬሽ ሳቅን። ምን እንደምትወስጂ አልጠየቅሁሽም። አንድ ቀን ደረትሽን ስለካ ልብሽ ከእጄ ሥር ሲንደፋደፍ ተሰማኝ፤ የሠርጉ ደስታ መስሎኝ አለፍኩት።

አሁን ልብስ ልታስጠብብ የምትመጣውን ሴት ሁሉ መጀመሪያ በምን እንደከሳች እጠይቃታለሁ። አንዳንዷ ትቆጣለች። ያንቺን ስነግራት ግን ቁጭ ብላ ትሰማኛለች።

ማህሌት አድጋ እናቴ በምን ሞተች ስትለኝ ምች አልላትም፤ እንደሆነው እነግራታለሁ። ሳትከሺም ቆንጆ እንደነበርሽ እነግራታለሁ፤ ላንቺ ሳልነግርሽ የቀረሁትን። እስካለሁ ድረስ አልረሳሽም የሺዬ፤ አንቺንም፣ ያልኩሽንም፣ ሳልልሽ የቀረሁትንም።

ባልሽ አያሌው
ቢቸና